የሚደረብ ፊደል፣ የማይደረብ ፊደል

የጽሕፈት ስሕተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከስንፍና የሚመነጭ አለ፤ ከችኮላ የሚመነጭ አለ፤ ከዕውቀት የሚመነጭም አለ። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ስሕተት በትምህርት ቤቱም ሆነ በሥነ ጽሑፉ መድረክ ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። አንድ ተማሪ በሚገባ የተማረውን የአንድ ጽሕፈት ሕግ ይዞ ወደ ሌላ ጽሕፈት ሲሻገርና ሕጉ በዚያ ሳይሠራለት ሲቀር የሚፈጽመው ስሕተት፣ የአለማወቅ ሳይሆን የማወቅ ልጅ ነው። በሀገራችን የእንግሊዝኛን ቃላት አጻጻፍ በሚመለከት የሚታየው ችግር በአመዛኙ ከዚህ ወገን ነው። ሆኖም የሚታከመው እንደ ስንፍና ተቆጥሮ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ሳይሠራ ይኖራል።

ነገሩን በአንድ ሥፍራ ላይ አቁሞ ማየት ይበጃል። ከባሌ ጎባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያቋርጣል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ የሚገኝበትን የሳነቴን አምባ አልፎ፣ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ገብቶ፣ ቡና በዱር ከሚበቅልበት ጥላ ሥር ወጥቶ፣ ቆላው ደሎ መና ይደርሳል። አንድ ቀን በማይሞላ ጉዞ ውርጭና ሙቀት ይፈራረቁበታል። በዚህ ሀገር የሚያድግ ልጅም በትምህርት ዘመኑ ሦስት የጽሕፈት አየር ያቋርጣል። አፋን ኦሮሞን በቁቤ ይጽፋል፤ አማርኛን በግዕዙ ፊደል ይማራል፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ቁቤ በተዋሳቸው በዚያው የላቲን ፊደላት ይጽፋል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን የተከታተለው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አንዲት ፊደል ከዚያ ወዲያ የቋንቋ ፈተና ብቻ ሳትሆን የዕውቀት ሁሉ በር ጠባቂ ትሆናለች።

እነዚህ ሦስት ጽሕፈቶች በአንድ ነገር ላይ ፈጽሞ አይስማሙም። ይኸውም የድምፅ መጥበቅና መላላት ነው። የግዕዙ ፊደል መጥበቅን አያሳይም። «ገና» ብሎ የጻፈ ሰው በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ጊዜ፣ «ዋና» ብሎ የጻፈም የውኃውን ይሁን የሹመቱን አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳለታል። ይህን ጉድለት ለማቃናት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኑረው ነበር፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። አማርኛ አንባቢ ጥብቀትን በጆሮው እንጂ በዐይኑ ሳይፈልግ ኖሯል።

ቁቤ በአንጻሩ የሚሰማውን ሁሉ ለዐይን ያቀርባል። የሚጠብቀውን ተነባቢ ደርቦ፣ የሚረዝመውን አናባቢም ደርቦ ይጽፋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርና በኋላም በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ አፋን ኦሮሞ የተጻፈው በግዕዙ ፊደል ነበር። በጥቅምት ወር 1984 ዓ.ም. ቁቤ ሲመረጥ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመጥበቅና የመርዘም ጉዳይ ነው። ምክንያቱ ከባድ መሆኑን ለማየት የባሌን መልክዐ ምድር መጥራት ይበቃል። በግዕዙ ፊደል «በዳ» ተብሎ የተጻፈው የኦሮምኛ ቃል «ዳ» ሲላላ «መጥፎ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን «ደጋ» ማለት ይሆናል። ከሳነቴ በታች ያለውን ያን ሁሉ ለምለም ደጋ «መጥፎ» ከመባል የሚያድነው አንድ የተደረበ ፊደል ነው። በቁቤ የተማረ ልጅ ፊደል የሚደረበው ለምክንያት መሆኑን፣ ምክንያቱም በጆሮ የሚሰማ መሆኑን በሚገባ ያውቃል።

እንግሊዝኛ ይህን ዕውቀት ይንድበታል። በእንግሊዝኛ የተደረበ ተነባቢ አይጠብቅም። «ዲነር» የተባለው እራት ሁለት «ኤን» አለው፤ «ዳይኒንግ» የተባለው የመመገቢያ ክፍል ግን አንድ «ኤን» ብቻ ነው። ጆሮ በሁለቱ መካከል የ«ን» ልዩነት አይሰማም። ልዩነቱ ያለው ከፊቱ ባለው አናባቢ ላይ ነው፤ የተደረበው «ኤን» ከእርሱ በፊት ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ይናገራል። መጻፍን የሚያመለክተው «ራይቲንግ» አንድ «ቲ»፣ የተጻፈን የሚያመለክተው «ሪትን» ሁለት «ቲ» የያዙትም በዚሁ ሕግ ነው። እንግዲህ በቁቤ የተደረበ ተነባቢ ስለ ራሱ ይመሰክራል፤ በእንግሊዝኛ የተደረበ ተነባቢ ስለ ጎረቤቱ ይመሰክራል። በየምግብ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ የምናየው ባለ ሁለት «ኤን» ዳይኒንግና ባለ አንድ «ኤን» ዲነር የዚህ ግጭት ውጤት ነው።

ይህ የፊደል ክርክር ቃላትን ብቻ ሳይሆን ስምንም ይነካል። የደሎ መናን ስም በእንግሊዝኛ ካርታዎችና ሰነዶች ላይ የሚከታተል ሰው አንድ ከተማ ብዙ ሆኖ ያገኘዋል። አንዱ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው በሁለት «ኤል» ይጽፈዋል፤ «መና»ም አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት «ኤን» ይጻፋል፤ አንዱ «ዲ»ን በ«ኢ» ሲያስከትል ሌላው በ«ኦ» ያስከትልና «ዶሎ» ያደርገዋል። የመጨረሻው ቀላል ጥፋት አይደለም። ገናሌና ዳዋ በሚገናኙበት፣ በኬንያና በሶማልያ ወሰን አጠገብ ዶሎ አዶ የሚባል ሌላ ከተማ አለ። አንዲት «ኦ» የሐረናን ቡና አምራች በመቶዎች ኪሎ ሜትር አርቃ በረሓ ለበረሓ ልታንከራትተው ትችላለች። ስለዚህ ጉዳዩ የውበት ብቻ ሳይሆን የአድራሻም ነው።

ሆኖም የአንድን ሀገር ስም በአራትና በአምስት መልክ የሚጽፍ የተማረ ዓለም፣ የዚያኑ ሀገር ልጅ «ኮሚቲ» በሚለው ቃል ውስጥ አንዲት «ኤም» ስለ ጎደለችበት ያላግጥበታል። እዚህ ላይ አማርኛ ጸሓፊውም ራሱን ሊመረምር ይገባል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ «ጸ»ዎችና «ሀ» ተብለው በሚነበቡት ስድስት ፊደላት እየተፈራረቀ ቢጻፍ 12 መልክ ይኖረዋል፤ አንባቢ ግን አንዱንም አይስተውም። የገዛ ቋንቋውን በ12 መልክ ጽፎ የማያፍር ሰው በባዕድ ቋንቋ ስለ አንዲት ፊደል ሲሳለቅ፣ የሚያስጨንቀው የጽሕፈት ንጽሕና ሳይሆን የባዕዱ ክብር መሆኑ ይገለጣል።

በየመጽሐፍ መደብሩና በየአዟሪው እጅ «ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱ የእንግሊዝኛ ቃላት» የሚሉ መዘርዝሮች ይገኛሉ። እንደ አንድ የጽሑፍ ዘር ሂስ ሊደረግባቸው ይገባል። ጉድለታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቃላቱን በፊደል ተራ ደርድረው ትክክለኛውን መልክ ብቻ ይሰጣሉ እንጂ ቃሉ ለምን እንዲያ እንደተጻፈ አይናገሩም። ተማሪው መቶ ቃል እንደ መቶ የማይተዋወቁ እንግዶች እየተቀበለ እንዲሸመድድ ይታዘዛል። ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው፤ መዘርዝሮቹ በአብዛኛው የተሰበሰቡት ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ልጆች ስሕተት ነው። የእንግሊዝ ልጅ ቋንቋውን አስቀድሞ በጆሮው ስለሚያውቅ፣ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት የሚለያዩ ቃላት ይምታቱበታል። የባሌ ልጅ ግን ብዙውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚያገኘው ከሰሌዳና ከመጽሐፍ ነው፤ ዐይኑ ከጆሮው ይቀድማል። ለአንዱ ሕመምተኛ የታዘዘ መድኃኒት ለሌላው ሲሰጥ ቢያንስ ጊዜ ያባክናል።

የእኛ ተማሪ ስሕተት ከየት ይመጣል? የመጀመሪያው ምንጭ ከላይ የታየው የመደረብ ነገር ነው። ማረፊያን የሚያመለክተው «አኮሞዴሽን» ሁለት «ሲ»ና ሁለት «ኤም» ይፈልጋል። አማርኛ የለመደ ዐይን መደረብን አያውቅም፤ ቁቤ የለመደ ጆሮ ደግሞ የሚጠብቅ ድምፅ ስላልሰማ አይደርብም። ሁለቱም በየሕጋቸው ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ሁለተኛው ምንጭ የፊደላቱ ስም ነው። ቁቤ አምስቱን አናባቢዎች በድምፃቸው አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ ብሎ ይጠራቸዋል። እንግሊዝኛ እነዚሁኑ ፊደላት በዚሁ ተራ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ ይላቸዋል። የእንግሊዝኛው መምህር «ኢ» ብሎ ሲያጽፍ፣ ተማሪው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ኢ» ሲለው የኖረውን ፊደል ቢጽፍ ምን ይደንቃል? እርሱ ግን በእንግሊዝኛ «አይ» የሚባለው ነው። መቀበል የሚለው «ሪሲቭ» ከ«ሲ» ቀጥሎ «ኢ» ቀድሞ «አይ» ሲከተል፣ ማመን የሚለው «ቢሊቭ» ደግሞ «አይ» ቀድሞ «ኢ» ሲከተል፣ ግራ መጋባቱ እጥፍ ይሆናል። «ሲ»ም ራሷ በቁቤ የ«ጨ» ድምፅ ስትይዝ፣ በእንግሊዝኛ አንዴ «ክ» አንዴ «ስ» ትሆናለች። አስፈላጊ የሚለው «ኔሰሰሪ» አንድ «ሲ»ና ሁለት «ኤስ» መያዙ በጆሮ የሚደረስበት ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ምንጭ ከውጭ የገቡት የአማርኛ ቃላት ናቸው። ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ በር አልገቡም። «ኮሚቴ» መልኩ የፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይኛ አንድ «ኤም»ና አንድ «ቲ» ብቻ አለው። እንግሊዝኛው ግን ሁለት «ኤም»፣ ሁለት «ቲ»፣ ሁለት «ኢ» ይጠይቃል። «ጋዜጣ» በጣልያንኛ ሁለት «ዜድ»ና ሁለት «ቲ» ሲይዝ፣ በእንግሊዝኛ አንዷ «ዜድ» ትቀራለች። «ማኪና» በጣልያንኛ ሁለት «ሲ» አላት፤ እንግሊዝኛው «ማሺን» ግን በአንዷ ይረካል። «ቴአትር»ም በብሪታንያ «አር» ቀድማ «ኢ» ትጨርሳለች፤ በአሜሪካ «ኢ» ቀድማ «አር» ትጨርሳለች። አማርኛ ተናጋሪው የለመደውን ቃል ተማምኖ ሲጽፍ፣ አንዱን የአውሮፓ ቋንቋ በሌላው መዝኖ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ራሱ እንግሊዝኛ ንጹሕ አይደለም። ካክስተን የማተሚያውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1476 ወደ እንግሊዝ ሲያስገባ የሰዎች አነጋገር እየተለወጠ ነበር፤ ኅትመቱ አሮጌውን አጻጻፍ አጸና፣ አፍ ግን መንገዱን ቀጠለ። ሊቃውንቱም ጨምረው አወሳሰቡት። ዕዳን የሚያመለክተው «ዴት» በውስጡ የማትነበብ «ቢ» አለችው፤ እርሷን የሰነቀሩት ቃሉ ላቲን እንዲመስል የፈለጉ ሰዎች ናቸው። ደሴትን የሚያመለክተው «አይላንድ» ደግሞ የማትነበብ «ኤስ» ይዟል፤ እርሷም ከሌላ ቃል ጋር በስሕተት ተዛምዶ የገባች ናት። ዛሬ የደሎ መና ተማሪ ያቺን «ኤስ» ቢተዋት ተሳሳተ ይባላል፤ ባለ ታሪኳ ስሕተት ትክክል ሆና ትኖራለች።

ሼክስፒር ራሱ ከእጁ የቀሩት ስድስት ፊርማዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ዛሬ በመጻሕፍት ሽፋን ላይ ከሚታተመው የስሙ አጻጻፍ ጋር የሚስማማም አልተገኘባቸውም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ መድረክ ያመጣለት ያ ባለ ቅኔ፣ በዛሬ ፈታኝ ፊት ቢቀርብ በገዛ ስሙ ነጥብ ይጎድልበት ነበር። ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1755 ካወጣ በኋላ ነው አጻጻፉ እየረጋ የሄደው፤ ዌብስተርም እ.ኤ.አ. በ1828 ለአሜሪካኖች ሌላ መንገድ አጸናላቸው። ተውኔት ጸሓፊው በርናርድ ሾው ግን በዚህ ሁሉ ተማርሮ፣ ለእንግሊዝኛ አዲስ ፊደል እንዲቀረጽለት በኑዛዜው ገንዘብ ትቶ ሞተ። ፊደሉ ተቀርጾ «አንድሮክሊስና አንበሳው» የተባለው ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመበት፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። አጻጻፍ በአንድ ሰው ጥበብ ሳይሆን በብዙዎች ልማድ እንደሚኖር ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ይህ ታሪክ ግን የፈቃድ ወረቀት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። «እንግሊዞቹ ራሳቸው ከተምታታባቸው እኛ ምን አገባን» የሚለው ወገን፣ ከሚሳለቀው ወገን ያላነሰ ይጎዳል። ተማሪው ሥራ ለመጠየቅ የጻፈው ደብዳቤ ከእርሱ ቀድሞ ቢሮ ይገባል፤ አንባቢው ከሐሳቡ በፊት ፊደሉን ያያል። የተማሪውን መብት የሚያከብር መምህር ስሕተቱን አይሸፋፍንለትም፤ ከየት እንደመጣ ያሳየዋል እንጂ።

ማሳየቱም ይቻላል፤ ቃላት ቤተሰብ አላቸውና። «አኮሞዴሽን» ሲፈታ ከላቲን የመጡ ሦስት ክፍሎች ይገኙበታል፦ «አድ»፣ «ኮም» እና «ሞዱስ»። የ«አድ» መጨረሻ ከፊቷ ያለችውን «ሲ» መስላ ስለተለወጠች ሁለት «ሲ» ሆነ፤ የ«ኮም» መጨረሻና የ«ሞዱስ» መጀመሪያ ስለተገናኙ ሁለት «ኤም» ሆነ። ግሥ ሲረባ ፊደል ከፊደል ሲዋዋጥ ማየት የለመደ የግዕዝ ተማሪ ይህን በአንድ ጊዜ ይረዳዋል። መንግሥት የሚለው «ገቨርንመንት» ከ«ኤም» በፊት የሚደበቅ «ኤን» አለው፤ ማስተዳደር ከሚለው «ገቨርን» ስለተወለደ ነው። አካባቢ የሚለው «ኢንቫይሮንመንት»ም «ኤን»ን የሚይዘው በዚሁ ዓይነት ነው። «ሴፓሬት» ከ«ፒ» ቀጥሎ «ኤ» እንጂ «ኢ» አይጽፍም፤ ማዘጋጀት ከሚለው «ፕሪፔር» ጋር አንድ ግንድ አላቸውና። በርግጥ የሚለው «ዴፊኒትሊ» መካከሉ ላይ «ኤፍ አይ ኤን አይ» የሚለው፣ መጨረስ የሚለው «ፊኒሽ» ዘመዱ ስለሆነ ነው። ሰዋስው የሚለው «ግራመር» በ«ኤ አር» ማለቁ ለጆሮ አይሰማም፤ «ግራማቲካል» ሲባል ግን የተደበቀችው «ኤ» ወጥታ ትሰማለች።

እንዲህ ያለው ትምህርት ሕግ ሁሉ ወሰን እንዳለውም ይነግራል። «ከ‹ሲ› በኋላ ‹ኢ› ይቀድማል» የሚለው ታዋቂ ሕግ «ሪሲቭ»ን ያስጽፋል፤ «ሳይንስ» ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል፤ በዚያ ከ«ሲ» በኋላ የምትቀድመው «አይ» ናትና። ሕጉንና ውድቀቱን አብሮ የተማረ ልጅ በመጽሐፉ ያስተውላል፤ ሕጉን ብቻ የተማረ ልጅ ግን አንድ ቀን ሕጉ ሲከዳው ትምህርቱን ሁሉ ይጠራጠራል።

ዛሬ ስልኩም ኮምፒዩተሩም ስለሚያርም ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። መሣሪያው «ኮሚቲ»ን ያርማል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በመዝገቡ ያልተጻፈለትን የቦታ ስም ሁሉ እንደ ስሕተት ቆጥሮ በቀይ ያሰምርበታል፤ የሚያውቀውንም ሌላ ስም ሊተካበት ይጋብዛል። ስሙን አጥብቆ የማያውቅ ጸሓፊ ግብዣውን ይቀበልና «ደሎ» «ዶሎ» ሆኖ ይቀራል። የትኛውን እርማት መቀበል፣ የትኛውን አለመቀበል እንደሚገባ የሚወስነው መሣሪያው ሳይሆን ጸሓፊው ነው፤ ለመወሰንም ምክንያቱን ማወቅ ግድ ይለዋል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ የተዋሰ መዘርዝር አይደለም። በሮቤ፣ በጎባና በደሎ መና ያሉ የእንግሊዝኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የአማርኛ መምህራን የተማሪዎቻቸውን ደብተር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ የትኛው ስሕተት ከቁቤ፣ የትኛው ከግዕዙ ፊደል፣ የትኛው ከእንግሊዝኛው ከራሱ እንደመጣ ቢለዩ፣ በሀገራችን ልጆች እጅ የተጻፈ የመጀመሪያ ረድፍ ይሰበሰባል። የዚያ ረድፍ የፊተኛው መስመር ላይ የከተሞቻቸው ስም ቢሰፍርና በሦስቱም ጽሕፈት እንዴት እንደሚጻፍ ቢወሰን ደግሞ ይመረጣል። ቀይ ቀለሙ ይቅር የሚል የለም፤ ከቀይ ቀለሙ አጠገብ ግን ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የምትናገር አንዲት መስመር ትጨመር።